የጾም ቀን መድኃኒት

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ምክር አያጥረውም። አንዱ ማር ላስ ይለዋል፣ አንዱ ዝንጅብል፣ አንዱ ጥቁር አዝሙድ፤ አንድ ቀን እንኳ አፍኖት የማያውቅ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። እኔ ምክር አልጨምርባችሁም። የደረሰብኝን እነግራችኋለሁ፤ የፈለገ ይማርበት፣ ያልፈለገ ይሳቅበት። እኔም አንዳንዱን ሳስበው እስቃለሁ፤ አንዳንዱን ሳስበው ግን እስከ ዛሬ ሳቁ ይጠፋኛል።

ስሜ ፈንታሁን ነው። ጎንደር አራዳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ጣልያን ሲወጣ ትቷቸው ከሄደ የስፌት መኪናዎች አንዷ እጄ ገባች፤ ቤቴን ያቆምኩት በእሷ ነው። ሚስቴ አንጓች ትባላለች። ያን ጊዜ የነበረችን አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ብርቄ፣ የስምንት ዓመት ልጅ። ከእሷ ኋላ የተወለዱ ሁለት ልጆች ቀብረናል። ይህን ያስቀደምኩት ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም፤ እኔን የሚያህል ለፍላፊ ሰው እንዴት አፉን ዘግቶ ሞት አፋፍ እንደደረሰ ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው።

በሽታዬ ሐኪሞች አስም የሚሉት ነው። የሳንባ ቧንቧ ይጠብና የሳቡት አየር አልወጣ ይላል። በሰፈራችን ግን «ያፍነዋል» ብቻ ነው የሚባል። ልብስ ሰፊ ደግሞ የጨርቅ ብናኝ ሲስብ ይውላል። ሱፍ የቆረጥኩ ቀን ቁጭ ብሎ ማደር እንጂ መተኛት የለም። አንጓች ጀርባዬን እያሸች፣ «ጎሽ፣ ሳብ፣ አሁን ልቀቅ» እያለች ታስተነፍሰኛለች፤ ብርቄ ከመደቡ ላይ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። ልጅ አባቱን እንዲያ ሲያይ ደስ አይልም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ካባ ሊያስጠግኑ ሱቄ ገቡ። መሪጌታ ላቀው ይባላሉ፤ ከዳባት በላይ ካለ ደብር ናቸው፤ ቅጠልና ሥር ያውቃሉ ይባላል። ካባቸውን ሳገላብጥ ብናኙ ተነሣና ያዘኝ።

«ምነው ልጄ! ደረትህ እንደ ወናፍ ይጮኻል» አሉ።

«ያፍነኛል የኔታ። የቆየ ነው።»

«እናቴንም እንዲሁ ያደርጋቸው ነበር። ሁዳዴን እንኳ ስለ ሕመማቸው ጾም ተፈቶላቸው ነው ያለፉት። አሁን አንድ ቅጠል ሰጥቻቸው ሸጋ ሆነዋል፤ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።»

ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከቦርሳቸው የተቋጠረች እራፊ አወጡና ፈቱልኝ፤ ውስጧ ጠፍጣፋ ጥቁር ዘር አለ። ከዛሪማ ቆላ እንዳመጡት ነገሩኝ።

«ስማኝ። ክረምቱ ሲገባ ዝራው። ሲያብብ ያን ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ከሰው ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ትቀነጥባለህ፤ አፍልተህ ትጠጣለህ። የጾም ቀን ብቻ ነው። በፍስክ ቀን እንዳትነካው።»

«እሺ የኔታ። ስሙስ?»

«ስሙን ላንተም አልነግርህ። መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል። ይህ ደግሞ ከመርከስም ያልፋል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንደምትጠጣው ለሰው የተናገርክ ቀን፣ ካንተ ይወጣና ወደ በኩርህ ይዞራል። ልጅ አለህ?»

ብርቄ ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅም ነበር። ዘወር ብዬ አየኋት። «አለችኝ» አልኩ።

«እንግዲያ ዝም በል። ዝም አይነቅዝም።»

ካባውን ያለ ዋጋ ሰፋሁላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። ክፉ ሰው አይመስሏችሁ፤ አልነበሩም። ነገሩን የሚያስፈራው ይኸ ነው።

ሰኔ ላይ ከጓሮዬ ዳር፣ ከግንቡ ሥር ዘራሁት። ከተማ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከጎመን በቀር ተክዬ አላውቅም። ሲበቅል እንደ ሕፃን ነው የያዝኩት። አመድና ፍግ ቀላቅዬ ሥሩን አለበስኩት፤ ተጠጋግቶ የበቀለውን አሳሳሁ፤ በረዶ የጣለ ቀን እንቅብ ደፋሁበት። ነሐሴ ላይ ወገቤ ደረሰ። ቅጠሉ ሰፊና ዳሩ የተቆራረጠ ነው፤ ሲያሹት የሚከረፋ ሽታ አለው። አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል አጥር ጥሳ ገብታ ጎመናችንን አንድ ሳታስቀር በላችው። ወደ እሱ ስትደርስ አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

አንጓች አጥሩን እያስተካከለች፣ «ይህ ምንድን ነው የምትቀልበው? ፍየል እንኳ የተጸየፈችው» አለችኝ።

«አበባ ነው። ለብርቄ የተከልኩት ነው» አልኳት።

ያ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው።

መስከረም ሲጠባ አበበ። አበባውስ ያምራል፤ ለምን እዋሻለሁ! ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ የመለከት አፍ ይመስላል። ቀን ተጠቅልሎ ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይፈታል፤ ሽታው ጓሮውን ይሞላዋል። ከአበባው ሥር እሾሃም ፍሬ አንጠለጠለ። ብርቄ ልትነካው እጇን ስትዘረጋ ጮኽኩባት። ጮኼባት የማላውቅ አባት ነኝ፤ ደንግጣ አየችኝ። ለምን እንደጮኽኩ ግን አልነገርኳትም።

መጀመሪያ የጠጣሁት ረቡዕ ቀን ነው፤ አንጓች ሳትነቃ በካውያዬ ፍም ላይ አፍልቼ። በነጋው ሱፍ ቆረጥኩ፣ አላፈነኝም። ዓርብ ደገምኩ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፤ ጋደም ብዬ እተኛ ጀመር። የነቢያትን ጾም እንደ ብዙ ሰው አልይዝም ነበር፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው የምጾም፤ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ነበር። ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወርጄ ከጎረምሳ ጋር ስዘል ዋልኩ። አንጓች ታቦቱን ትታ እኔን ታያለች፤ ዕንባዋ ይወርዳል። «እሰይ! እሰይ የብርቄ አባት!» ትላለች። ምን ብላ ትመርምር? እኔስ ብሆን ምን ብዬ እጠራጠር?

ሁዳዴ ገባ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መሪጌታ «የጾም ቀን ብቻ» ነው ያሉኝ። በሌላው ጊዜ የጾም ቀን ማለት በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሁዳዴ ግን ሰኞውም ጾም፣ ማክሰኞውም ጾም፣ ቅዳሜና እሑዱም ከጥሉላት ጾም ነው። እኔ ብልጡ፣ እኔ ሊቁ፣ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሁለት ቀን ጠጥቼ እንዲህ ከሆንኩ፣ ሁለት ወር ያህል በየቀኑ ስጠጣ እስከ ፋሲካ በሽታው ተነቅሎ ይጠፋል አልኩ። እግዜር የሰጠኝ ወቅት መሰለኝ። በጋ ስለሆነ ተክሉ እንዳይደርቅ ከቀሐ ውሃ እያስቀዳሁ አጠጣዋለሁ፤ ቢጫ ቅጠሉን እቀነጥብለታለሁ፤ በየማለዳው አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጓሮ እገባለሁ።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት በቅድስት ሳምንት ነው። ልብስ ሰፊ መርፌ ሲያስገባ የክሩን ጫፍ በምራቁ ያረጥባል። ክሩን አፌ ውስጥ አስገብቼ ባወጣው፣ ባገላብጠው ደረቅ ነው። ምራቅ የለኝም። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል።

«ጾሙ ነው» አለች አንጓች። እውነት መሰለኝ፤ ከዚያች መድኃኒት በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው አፉ ቢደርቅ ምን ይገርማል?

ከዚያ መርፌዋ ራሷ ጠፋችኝ። በእጄ ይዣታለሁ፣ ቀዳዳዋን ግን አላየውም። ሩቅ ያለውን፣ የግንቡን ጫፍ አያለሁ፤ ቅርብ ያለው ሁሉ ይሟሟብኛል። ብርቄን ጠርቼ ክር እንድታስገባልኝ አደረግኩ። ደስ አላት፤ ሥራ አገኘሁ ብላ ከጎኔ አልነሣም አለች። አንድ የጦር መኮንን ኮት አሰፍቶኝ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁለት። ሰውየው ኮቱን እስከ ክርኑ ለብሶ ቀረና፣ «ሰክረሃል እንዴ?» አለኝ። ኧረ የምን ስካር፤ በጾም!

አራዳ መነጽር የሚሸጠው ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። «እርጅና ነው አያ ፈንታ፤ ሁላችንም እንደርስበታለን» ብሎ መነጽር ሸጠልኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። መነጽሩን አድርጌ ያየሁት ነገር ቢኖር የነጋዴውን ትርፍ ነው።

በምኩራብ ሳምንት ብርሃን ጠላሁ። የሌላ በሽተኛ ፍርሃት ሲመሽ ይብስበታል፤ የኔ ሲነጋ ነው። የቀትር ፀሐይ እንደ ወስፌ ትወጋኛለች። «አንጓች፣ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል» እላለሁ፤ መስኮቱን በጆንያ ጋረደችልኝ። ፊቴ ቀላ፣ ገላዬ ጋለ፣ ልቤ ቁጭ ባልኩበት ሩጫ ያዘች። ሽንት ቤት ገብቼ ግማሽ ቀን ቆሜ ባዶ እመለሳለሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን አንድ ሰው አፍሮ ከሚሞት እኔ ልፈር።

ከጦሩ ጋር መርፌ መውጋት የተማረ አንድ ሰው ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። ከደጁ ካለው አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ዞራ ስትመጣብኝ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት የማላውቃቸው ባልቴት ምንም ሳይጠይቁኝ ነጠላቸውን አውልቀው ራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «እኔስ ፀሐይ ትሻለኛለች ልጄ፣ ብርድ ነው በሽታዬ» አሉ። ተራዬ እስኪደርስ በዚያ ነጠላ ሥር ነበርኩ። እኒያን ሴት እግዜር ይስጣቸው፤ ያን ቀን የተደረገልኝ ሕክምና እሱ ብቻ ነው። ሰውየው ግንባሬን ዳሰሰና «ወባ ነው» ብሎ ወጋኝ። «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩ።

የንስሐ አባቴም መጡ። ጠበል ረጩኝ፣ ጸለዩልኝ፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ያዋቂ ነገር ቀምሰሃል?» አሉኝ። ብርቄ ከበሩ ቆማ ነበር። አየኋት። «አልቀመስኩም አባ» አልኩ። በሁዳዴ፣ ለንስሐ አባቴ፣ መስቀሉ ፊቴ ላይ እንዳለ ዋሸሁ። በማግስቱም ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ እየተደናበርኩ ጓሮ ገባሁ። ምን ነካህ ትሉኝ ይሆናል። ሕመሙ በጠናብኝ ቁጥር መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲታገል መሰለኝ። አሁን ብተው ሁሉም ከንቱ ይሆናል ብዬ አንድ ቅጠል የነበረውን አበዛሁት።

ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ማክሰኞ የሆነውን እኔ አላውቅም። አንጓች የነገረችኝን ነው የምጽፍ።

ቀትር ላይ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ አየር እሰፋ ነበር አለች። ከባዶ አየር ላይ ክር እስባለሁ፣ በጥርሴ እቆርጣለሁ፣ በሌለ መርፌ አስገባለሁ፤ ጣቶቼ አይሳሳቱም። «ምን ትሰፋለህ?» አለችኝ። «የልጆቹን ልብስ» አልኳት፤ የሞቱትን ሁለቱን በየስማቸው ጠራኋቸው። «በር ላይ ቆመዋል፤ በርዷቸዋል፤ አስገቢያቸው» አልኳት። አንጓች የዚያን ጊዜ ጮኸች።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ወንድሟ ጠፍር ይዞ መጣ፤ «ታስሮ ጠበል ይግባ፤ ይህ የያዘው ነገር ነው» አለ። እሷ አሻፈረኝ አለች። «ጠበሉ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ የልቡን ሩጫ ያብርዱልኝ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ ወንድሟ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቤታችን አልረገጠም። በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ትኩሳቴንና ቅዠቴን አየና ማጅራት ገትር ጠረጠረ፤ ከአከርካሪዬ ውሃ ሊቀዳ መርፌ አዘዘ። አልፈርድበትም፤ የነገረው ሰው የለ። አጠገቡ ግን አዱኛ የሚባል ድሬሰር ነበር፤ ሐኪሙን የሚያግዝ፣ የሚያስተረጉም፣ በሽተኛ የሚያገላብጥ የጭልጋ ሰው። እጄን ይዞ ሲያስተኛኝ አፌን ሰማው።

«ሁዳዴ ሁሉ ጾም ነው…» እያልኩ ነበር። «ሳልናገር ነው የቀነጠብኩት… ነጩን አበባ አትንኪ ብርቄ… እሾሃሙን ፍሬ አትንኪ…»

አዱኛ ወደ አንጓች ዞረ። «እቴ፣ ቤታችሁ ነጭ አበባ አለ?»

«አለ፤ ጓሯችን ውስጥ። ለልጄ ብሎ የተከለው ነው።»

«ሩጪ። ቅርንጫፉን በጨርቅ ይዘሽ ነይ። በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው።»

ሮጣ አመጣችው። አዱኛ ገና ከሩቅ ሲሸተው ራሱን ያዘ። «አስተናግር!» አለ። «እቴ፣ ይህ እኮ አስተናግር ነው! በኛ አገር የከብት እረኛው ሁሉ ያውቀዋል። የጠጣውን ሰው አእምሮውን ነስቶ የሆዱን ሁሉ ያስለፈልፈዋል።» ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ የዓይኔን ብሌን ገልጦ አየ፤ ጥቁሩ ሰፍቶ ቀለሙን ውጦታል። የአከርካሪውን መርፌ መልሶ ሆዴን አጠቡኝ፤ ጨለማ ክፍል አስገቡኝ፤ በአንሶላ አሰሩኝ። አንጓች ሁለት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሣችም። ብርቄን ለጎረቤት ነበር የሰጠቻት።

ሐሙስ ወደ ማታ ነቃሁ። አንጓች ስቃም አልቅሳም ነገረችኝ፤ ያስተናገረኝን፣ የለፈለፍኩትን፣ አዱኛ የሰማውን። እኔ ግን ከሁሉም የሰማሁት አንድ ነገር ነው። ተናግሬአለሁ።

«ብርቄ የት ናት?»

«ደኅና ናት፤ ጎረቤት ናት።»

«አምጪልኝ! አሁኑኑ አምጪልኝ!»

«ነገ ትመጣለች፤ ምን ሆነሃል?»

ምን እንደሆንኩ ብነግራት ዳግመኛ መናገር ሆነብኝ። አፌን ዘጋሁ። አንሶላው ባይይዘኝ ተነሥቼ በሄድኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የጎረቤታችን ሴት ብርቄን ይዛት መጣች። ልጄ ከበሩ ላይ ቆመች፤ አልገባም አለች። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድናለች።

«ነይ እንጂ ብርቄ» አልኳት።

«አባዬ» አለች፣ «ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል።»

ጮኽኩ። እንዴት እንደጮኽኩ ራሴው አላውቅም፤ በሽተኛው ሁሉ ከየአልጋው ተነሣ። «ዞረባት! ዞረባት! እኔን ይድፋኝ፣ በገዛ አፌ ልጄን ገደልኳት!» አልኩ። አንጓች ምን እንደምል አልገባትም፤ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻት። አዱኛ እየሮጠ ገባ። የብርቄን አገጭ ቀና አድርጎ መዳፏን አነሣው። አንደኛው ዓይኗ ደኅና ነው። የሌላው ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ሆኗል፤ ልክ እንደኔው።

«ብርቄ» አላት በዝግታ፣ «በእጅሽ ምን ነክተሽ ነበር?»

እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«አትፍሪ፤ ንገሪኝ።»

ወደ እኔ አየች። ያ በደኅናው ዓይኗ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። ያን ጊዜ ገባኝ። መሪጌታ ሲነግሩኝ እሷም ከሱቁ ጥግ ሆና ሰምታለች። በየማለዳው ጓሮ ስገባ አይታለች። አሥር ወር ሙሉ አፏን ዘግታልኛለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ብትናገር ወደ እሷ እንደሚዞር ታውቃለች፤ አሁንም የምትናገር ከሆነ እኔ እስክፈቅድላት ነው የምትጠብቀው።

ራሴን ከትራሱ ቀና አደረግኩ።

«ተናገሪ ልጄ» አልኳት። «ተናገሪ፣ ምንም አይሆን።» እንደማይሆን ግን አላውቅም ነበር።

«ውሃ አጠጣሁልህ» አለች። «አንተ ስለሌለህ መድኃኒትህ እንዳይደርቅብህ ብዬ። ቢጫውን ቅጠል ቀነጠብኩለት፤ አንተ እንደምታደርገው። ከዚያ ዓይኔን አሳከከኝ።»

አዱኛ በረጅሙ ተነፈሰና ዓይኗን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ አጠበው። «ከቅጠሉ ውሃ እጇ ላይ ቀርቶ ነው ዓይኗን ያሸችበት። በጥቂት ቀን ይመለሳል» አለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አያ ፈንታ፣ የዞረባት ስለተናገርክ አይደለም፤ ስላልተናገርክ ነው። መርዝ ነው አትንኪ ብለሃት ቢሆን መች ትነካው ነበር?» አለኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

ሕፃን ልጅ ፊት አለቀስኩ።

የብርቄ ዓይን ለሆሳዕና ተመለሰ። የኔ ዘገየ፤ በሕማማት መርፌዋን አየኋት፣ ከፋሲካ በኋላ ቀዳዳዋን። እስከዚያ ግን በየጠዋቱ የልጄን ሁለት ዓይኖች ወደ መስኮት አዙሬ አስተያይ ነበር፤ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ። አስሜ አልጠፋም፤ አይጠፋምም ብለውኛል። ሐኪሙ የሰጠኝን ኪኒን እወስዳለሁ፤ ሱፍ ስቆርጥ አፍንጫዬን በጨርቅ አስራለሁ፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ተክሉን እጄን በጆንያ ጠቅልዬ ነቀልኩት። ላቃጥለው ስል አዱኛ፣ «ጭሱም ያው እሱ ነው» ብሎ ከለከለኝ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

ግንቦት ላይ መሪጌታ ላቀው መጡ። ካባቸው ትከሻው ላይ ተተርትሮ ነበር። ገና ከመግባታቸው ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ ሰው እየሰማ።

«ተናገርክ?» አሉ ፊታቸው ተለዋውጦ። «ልጅህስ?»

«ብርቄ!» አልኩ። ክር ያስገባችበትን መርፌ ይዛ ከጓዳ መጣች። አገጯን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኳት። መሪጌታ ዓይኖቿን አንድ በአንድ አዩ።

«ስንት ቀን ጠጣህ?»

«ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ደብረ ዘይት። በየቀኑ።»

«በየቀኑ! እኔ እኮ የጾም ቀን ስልህ ረቡዕና ዓርብ ማለቴ ነበር!»

«ሁዳዴስ የምን ቀን ነው የኔታ?»

ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ካባውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተተረተረውን በጣታቸው ይዳስሳሉ። እኔም ለወጉ ያህል፣ «እናትዎ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«አረፉ» አሉ።

«መቼ?»

«ዘንድሮ። በመጻጉዕ ሳምንት።» ቀና አላሉም። «ተሽሏቸው ነበር እኮ። አምና ያልጾምኩትን ሁዳዴ ዘንድሮ ልጹም አሉ። ጾሙ። በየቀኑ እንደሚጠጡት አልነገሩኝም፤ አይናገሩ ብያቸው ነበር። በመጨረሻ አካባቢ፣ ልጄ በሩን ዝጋው፣ ብርሃኑ ይወጋኛል ይሉኝ ነበር። እኔ የመላእክት ብርሃን መስሎኝ እግዜርን አመሰገንኩ።»

ምን እላቸዋለሁ? ከዚያ በፊት ልሰድባቸው ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ብርቄ ውሃ አመጣችላቸው፤ ጠጡ። ሲወጡ ካባቸውን ረስተውት ሄዱ። ሰፍቼ አስቀምጬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሊወስዱት አልመጡም።

ያ ተክል ዘሩ መሬት ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ቀብሬዋለሁ ብል ቀብሬው አልቀረም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከግንቡ ሥር አንድ ሁለት ይበቅላል። ቀድማ የምታየው ብርቄ ናት። አትነካውም። ጓሮው መካከል ቆማ፣ አዳሜ በሙሉ እንዲሰማት አድርጋ ትጣራለች፤

«አባዬ! አስተናግር በቅሏል!»

ጆንያዬን ይዤ እወጣለሁ።